ያቺን ትንሽ ቀዳዳ ከመንካትዎ በፊት

እሑድ ከሰዓት ውጭ አገር ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ የምንገናኝበት ሰዓት ነው። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ስልኩ ፊት ተቀምጣለች፤ ኢንተርኔቱ ግን እምቢ አለ። ልጄ መርፌ አምጥቶ ከራውተሩ ጀርባ «ሪሴት» የምትለዋን ቀዳዳ ሲጫን፣ ጭራሽ ባሰ።

ባለሙያው መጥቶ ሲያየው፣ ራውተሩ ሌሊት ፈርምዌር የሚባለውን የውስጥ ሶፍትዌሩን አድሷል። እድሳቱ ያመጣው ችግር ቀላል ነበር፤ ሪሴቱ ግን የመስመራችንን መለያ ስምና የይለፍ ቃል አጥፍቶታል።

እርስዎስ? እድሳቱ ሳያልቅ ራውተሩን ከሶኬት አይንቀሉ፤ ሊበላሽ ይችላል። ካለቀ በኋላ ካልሠራ አጥፍተው ግማሽ ደቂቃ ቆይተው ያብሩት፤ መብራቶቹ እስኪረጉም ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ።

ከዚያ ችግሩ የት እንዳለ ይለዩ። እምቢ ያለው አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ፣ በስልኩ ላይ የተቀመጠውን የዋይፋይ ስም ሰርዘው የይለፍ ቃሉን እንደገና ያስገቡ። ሳሎን ሠርቶ መኝታ ቤት ከደከመ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለውን ይምረጡ፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል። ሁሉም ስልኮች ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝተው ኢንተርኔት ከሌለ፣ ለአገልግሎት ሰጪዎ ይደውሉ።

ሪሴት የመጨረሻው አማራጭ ነው። የመስመርዎን መለያ ስምና የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ጠይቀው፣ በወረቀት ጽፈው ከቤቱ ሰነዶች ጋር ያኑሩ። እኛ ወረቀቱ ስላልነበረን፣ እማዬ ልጇን ያየቻት በሦስተኛው ቀን ነው።