ሌሊት የሚብስ ማሳከክ

መነሻው ሳይታወቅ ችፍ ብሎ ወጥቶ የሚያሳክክ ሽፍታ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የትኋንና የቁንጫ ንክሻ፣ አለርጂ፣ ችፌና እከክ ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለመለየት ከሽፍታው መልክ ይልቅ የወጣበት ቦታ፣ የሚብስበት ሰዓትና በቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው መኖሩ ይበልጥ ይረዳል።

ትኋን የምትነክሰው ሳይሸፈን ያደረውን ገላ ነው፤ ክንድ፣ አንገትና ፊት ላይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ተደርድሮ ይታያል። ቁንጫ ቁርጭምጭሚትና ባት ታዘወትራለች። ከአለርጂ የሚመጣ ድንገተኛ የቆዳ እብጠት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ እምብዛም አይቆይም፤ ከዚህ ጠፍቶ እዚያ ብቅ ይላል።

እከክ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የሚያመጣው ተባይ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሴቷ የቆዳን የላይኛ ሽፋን ሰርስራ ገብታ በየቀኑ ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። በአንድ በሽተኛ ላይ የሚገኙት ተባዮች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው። ያን ሁሉ ማሳከክ የሚያመጣው ብዛታቸው ሳይሆን ሰውነት ለተባዩ፣ ለእንቁላሉና ለኩሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህ ምላሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ እስኪታይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ሰውየው ግን ከዚያ በፊትም ያስተላልፋል።

በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ በደንብ መመልከት ያስፈልጋል። በጥሩ ብርሃን ሲታይ በጣቶቹ መሐል ጠመዝማዛ፣ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ሊገኝ ይችላል፤ የተባይዋ ዋሻ ነው። ማሳከኩ ሌሊት፣ ገላ ሲሞቅ ይብሳል።

በኢትዮጵያ በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ከኤልኒኞ ድርቅ ጋር ተያይዞ እከክ በስፋት ተዛምቶ ነበር፤ በአማራ ክልል ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር መድቦታል። በሽታው የንጽሕና ጉድለት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ትክክል አይደለም። የሚተላለፈው በዋነኛነት ረዘም ላለ ጊዜ ገላ ለገላ በመነካካት ስለሆነ፣ ልጆች ተቃቅፈው የሚተኙበት ንጹሕ ቤትም አያመልጥም። በዚህ የተነሳ የሚሰማው ኀፍረት ታማሚዎችን ከሕክምና ያርቃል።

ለሕክምናው 5 በመቶ የፐርሜትሪን ቅባት ከአንገት በታች ያለውን ገላ በሙሉ፣ የጥፍር ሥር ሳይቀር፣ ማታ ተቀብቶ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ካቆዩ በኋላ ይታጠቡታል። ለሕፃናት የራስ ቆዳም ይቀባል፤ ሁለት ወር ላልሞላቸው ግን የሰልፈር ቅባት ይመረጣል። በሳምንቱ ሕክምናው ይደገማል። የሚዋጠው አይቨርሜክቲን በክብደት ተለክቶ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ ለነፍሰ ጡሮችና ከ15 ኪሎ በታች ለሆኑ ልጆች ግን አይታዘዝም።

ሕክምናው ከሽፎ በሽታው የሚመላለሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳክከው ልጅ ብቻ ስለሚታከም ነው። ምልክት ያላቸውም የሌላቸውም የቤቱ ሰዎች በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። አንሶላና ልብስ በዚያው ቀን በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ መታጠብ የማይችለው ብርድ ልብስ በፕላስቲክ ታስሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ተባዩ ከሰው ገላ ውጭ ከዚያ በላይ እምብዛም አይኖርም።

በግምት የሚገዛ የስቴሮይድ ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ተባዩን ግን አይገድልም፣ ምልክቱንም ደብቆ ሐኪሙን ያሳስታል። ታክኮ የቆሰለ ቆዳ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም የልጅ ፊት ካበጠና ሽንቱ ከቀላ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ በቁስሉ የሚገባው ባክቴሪያ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሕክምናው በትክክል ከተፈጸመ በኋላም ማሳከኩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊቀጥል ስለሚችል መድኃኒቱን መላልሶ መቀባት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ አዲስ ሽፍታ ከወጣ ግን እንደገና መመርመር ያሻል።