ካሜራ መያዝና ፊልም መማር ለየቅል ናቸው

 

በቅርቡ ላሊበላ ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክበብ አባላት ጋር ስንወያይ ቆይተን ልንለያይ ስንል አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኋላ ቀረት አለች። የግል ጉዳይ ያላት መስሎኝ ጠበቅኋት።

"እትዬ፣ ፊልም መማር ግን እውነት ትምህርት ነው?" አለችኝ።

"ምነው ጠየቅሽ?"

"አባቴ 'ካሜራውንማ ቱሪስቱ ሁሉ ተሸክሞት ይዞር የለም? እሱን ለመያዝ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?' ይለኛል" ብላ ሳቀች።

ነገሩ ቢያስቅም ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። አባቷ ግማሽ እውነት አላቸው። ካሜራ መያዝ በእርግጥ ከባድ አይደለም። ዛሬማ ስልክ ያለው ሁሉ ካሜራ አለው። ታዲያ ፊልምና የሚዲያ ሥራን በዲግሪ ደረጃ የሚማር ሰው ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲማር ነው የሚቆየው? በዚህ ጽሑፍ አብረን እንየው።

ሲቀረጹ መኖር

የላሊበላ ልጅ ካሜራን የሚያውቀው ከፊት ለፊቱ ነው። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ናቸው። በገና ሰሞን ካህናቱ ነጭ ለብሰው በቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ስንቱ ካሜራ እንደሚደቀን ታውቃላችሁ። የተቀረጸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእንግዳው ጋር ይሄዳል። የተቀረጸው ሰው ስለ እሱ ምን እንደተባለ እንኳ አይሰማም።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ የዓለም መገናኛ ብዙኃን ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ደኅንነት ደጋግመው ዘገቡ። ቅርሱ የዓለም ነውና ተገቢ ነው። ግን ትምህርቷ ስለተቋረጠባት ተማሪ፣ መብራት በሌለበት ቤት ልጆቿን ይዛ ስለከረመች እናት ታሪኩን ማን ይንገር? ያንን ለመንገር ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚሰማ፣ ሙያውንም የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ሰፈሩንና ቋንቋውን እናንተ አላችሁ። የሚቀረው ሦስተኛው ነው።

አንድ ፊት፣ ሦስት ትርጉም

የፊልም ተማሪዎች ገና በጠዋቱ ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ ከመቶ ዓመት በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም መምህር አደረገው የሚባለው ሙከራ ነው። የአንድ ተዋናይ ፊት የሚታይበትን አጭር ምስል ወሰደ። ያንኑ ምስል አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቾቹም ተዋናዩ ሲራብ፣ ሲያዝንና ሲመኝ አየን ብለው አደነቁት ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር!

እስቲ ወደ እኛ እናምጣው። አንድ አዛውንት በቅዳሜ ገበያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አሻግረው ያያሉ እንበል። ከእሳቸው ምስል ቀጥሎ የደረቀ ማሳ ብታሳዩ ተመልካቹ "ርሃብ ያስጨነቃቸው" ይላል። የልጅ ልጃቸው ስትሮጥ ብታሳዩ "ደስ ያላቸው አያት" ይላል። ሰውየው ምናልባት አህያቸውን እየጠበቁ ይሆናል! ትርጉሙን የሰጠው ምስሉን ቆርጦ የቀጠለው ሰው ነው። ኤዲቲንግ የምንለው ይህ ነው። ኮምፒዩተሩን መጠቀም በጥቂት ወራት ይለመዳል። የሰውን ፊት ከምን ጋር ማስቀመጥ እውነት እንደሆነ፣ ከምን ጋር ማስቀመጥ ደግሞ ሐሰት እንደሆነ መለየት ግን ብዙ ማየት፣ ብዙ ማንበብና ብዙ መታረም ይጠይቃል።

"ድምፄን ለማን ተውሽው?"

ይህን የምጽፍላችሁ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

የሦስተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ በክረምት ዕረፍት ከጓደኞቼ ጋር በወሎ አንዲት ትንሽ ከተማ በበጎ ፈቃድ እንሠራ ነበር። ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምር አጭር ፊልም እንሥራ ተባብለን ካሜራ ተዋስን። ማናችንም ሙያውን አልተማርንም። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ አንዲት እናት "ለልጆች ትምህርት ከሆነስ እናገራለሁ፤ ፊቴ ግን እንዳይታይ" አሉን። ቃላችንን ጠብቀን ከጀርባቸው ቀረጽናቸው። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ፊልሙ በከተማው አዳራሽ የታየ ዕለት ሴትዮዋ ገና ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳይናገሩ ከኋላ ወንበር "እንዴ! እንጀራ ሻጯ አይደሉም እንዴ?" የሚል ተሰማ። ፊታቸው አልታየም። ድምፃቸው ግን እንዳለ ነው። የቤታቸው በርና ምጣዳቸውም ይታያል። በትንሽ ከተማ ሰው በድምፁም በበሩም ይታወቃል። በማግሥቱ ደንበኞቻቸው ቀሩ። ቫይረሱ በእንጀራ እንደማይተላለፍ በዚያው ፊልም ላይ አስተምረን ነበር፤ የሰማን ግን አልነበረም። ከወራት በኋላ ጥቂቶቹ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ አልተቆጡኝም። "ልጄ፣ ፊቴንስ ሸሸግሽልኝ፤ ድምፄን ለማን ተውሽው?" ብቻ አሉኝ።

ማናችንም ክፉ አልነበርንም። ያልተማርን ነበርን። የድምፅ ትምህርት የተማረ ሰው ቃላቸውን በሌላ ሰው ያስነብብ ነበር። ዳይሬክቲንግ የተማረ ሰው ቦታውን ይለውጥ ነበር። የሙያ ሥነ ምግባር የተማረ ሰው ደግሞ ፊልሙን ለሕዝብ ከማሳየቱ በፊት ለእሳቸው ያሳይ ነበር። ለተማሪዋ አባት መልሴ ከዚህ ይጀምራል፤ አራት ዓመቱ እንዲህ ያለ ጥፋት በሰው ላይ እንዳይደርስ ነው።

ታዲያ ምን ምን ይማራሉ?

በፊልምና ሚዲያ ፕሮዳክሽን ትምህርት ውስጥ በአብዛኛው የሚገኙት የሚከተሉት ናቸው።

• ጽሑፍ፦ ታሪክን በሚታይና በሚሰማ ነገር ብቻ መጻፍ። "አዘነ" ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ያዘነ ሰው ምን ያደርጋል?

• ምስልና ብርሃን፦ ቤተ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ የደጋው ፀሐይ ዓይን ያጥበረብራል፤ ውስጡ ደግሞ ጨለማ ነው። ካሜራ እንደ ዓይናችን ሁለቱንም እኩል አይችልም። ወይ ውስጡ ይጠቁራል ወይ ደጁ ይነጣል። የቱን ማዳን እንዳለበት የሚወስነው ባለሙያው ነው።

• ድምፅ፦ ጀማሪ የሚንቀው፣ ባለሙያ የሚጨነቅበት ክፍል።

• ዳይሬክቲንግና ፕሮዳክሽን፦ ሰውን ማስተባበር፣ በጀት ማውጣት፣ ፈቃድ ማግኘት፣ ቀጠሮ ማክበር።

• ኤዲቲንግ፣ የፊልም ታሪክ፣ ሕግና ሥነ ምግባር።

ልብ በሉ፤ ካሜራው ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

የእኛዎቹ ከየት ተማሩ?

በሀገራችን የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው "ሂሩት አባቷ ማነው" በ1957 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ፊልምን በትምህርት ቤት መማር ግን ለረጅም ጊዜ ባሕር ማዶ መሻገርን ይጠይቅ ነበር።

የጎንደሩን ተወላጅ ኃይሌ ገሪማን እንውሰድ። አሜሪካ ሄዶ በመጀመሪያ ቴአትር፣ ከዚያም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1974 በክረምት ዕረፍቱ ወደ ሀገሩ መጥቶ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" የተሰኘውን የገበሬዎች ታሪክ በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸ። ቀረጻው የወሰደው ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ፊልሙ ግን ተጠናቆ የወጣው በ1976 ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ዋናው ሥራ ከቀረጻው በፊትና በኋላ ነው፤ ደግሞም ታሪኩን ያገኘው ከአሜሪካ ሳይሆን ከሀገሩ ገበሬ ነው። በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። "ጤዛ" የተሰኘው ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶው ፌስፓኮ ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል።

ያሬድ ዘለቀ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምሯል። በእንግሊዝኛ "ላምብ" በሚል ስም የሚታወቀው ፊልሙ እናቱ የሞተችበት፣ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ለሥራ አዲስ አበባ የሄደበት፣ በጉ እንዳትታረድበት የሚጨነቅ የደጋ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ከግብርናው ይልቅ ምግብ ማብሰል ይወዳል። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። እንግዲህ ልጅና በግ በላስታ የሌለበት ቀበሌ አለ?

"ድፍረት" ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በአሜሪካ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም የተማረው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ይህ ፊልም የጠለፋ ጋብቻን የሚመለከት እውነተኛ ታሪክ ላይ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሲመረቅ ግን ታሪክ ያለ ፈቃድ ተወስዷል በሚል አቤቱታ ትዕይንቱ በፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ። የጉዳዩን ፍርድ ለባለቤቶቹ እንተወው። ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው። በዓለም የተጨበጨበለት ፊልም ላይ የተነሳው ጥያቄ እና እንጀራ ሻጯ ያነሱብኝ ጥያቄ ዝምድና አላቸው፤ የሰው ታሪክ የማን ነው?

በሩ የት ነው?

እውነቱን እንነጋገር። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ "ፊልም" የሚል ስም ያለው የትምህርት ክፍል በየዩኒቨርሲቲው አታገኙም። ብዙዎች የሚገቡት በቅርብ ዘመዶቹ በር ነው።

አንደኛው የቴአትር ጥበባት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። በሀገራችን ፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ከሚሠሩት ብዙዎቹ በዚህ በር ያለፉ ናቸው። ሁለተኛው የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ነው፤ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ለዘጋቢ ፊልምና ለቴሌቪዥን ሥራ ይቀርባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ፊልምን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ስለጀመረ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላም መንገድ አለ። ከዚህ ሌላ አጫጭር ሥልጠና የሚሰጡ የግል ማሠልጠኛዎች አሉ፤ ሥልጠናና ዲግሪ ግን አንድ ስላልሆኑ ምስክር ወረቀቱ ምን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ማለፍ፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶች በጥሩ ውጤት መጨረስ ያስፈልጋል። የቅበላው ደንብ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ከትምህርት ቤታችሁ አጣሩ። "ፊልም ነው የምማረው" ብሎ አማርኛንና እንግሊዝኛን መናቅ ደግሞ ማረስ ፈልጎ በሬን እንደመጥላት ነው።

ገቢውስ? ቋሚ ደመወዝ የሚገኘው በቴሌቪዥን ጣቢያዎችና በመሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ነው። ሌላው ሥራ ማስታወቂያ፣ ሰርግ፣ የድርጅቶች ዘጋቢ ፊልም ነው፤ አንድ ወር ሞልቶ አንድ ወር ሊጎድል ይችላል። ይህን ለወላጅ ደብቆ መሄድ ደግ አይደለም።

በተለይ ለሴት ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። "አዲስ አበባ ወስደን ተዋናይ እናደርግሻለን" የሚል ሰው ከመጣ ተጠንቀቁ። የትምህርት ምዝገባ በመሥሪያ ሰዓት፣ በቢሮ፣ በደረሰኝ ነው የሚከናወነው። ማታ ሆቴል የሚጠራ "ምልመላ" ምልመላ አይደለም። የጓጓን ልጅ በተስፋ አታልሎ ላልተፈለገ ግንኙነት፣ ለኤች አይ ቪና ላልተፈለገ እርግዝና የሚዳርግ ወጥመድ ነው። ለምታምኑት አዋቂ ሳትናገሩ አትሂዱ።

ዛሬውኑ ምን ላድርግ?

1. ስልክ ካገኛችሁ ቡና ሲቆላ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ምን ጎደለ?

2. ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። ስለ ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው?

3. የቀረጻችሁትን መጀመሪያ ለተቀረጸው ሰው አሳዩ። "ይህን ሰው ሁሉ ቢያየው ይስማማሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካለ አጥፉት።

4. አንድ ፊልም ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ። ምስሉ ስንት ጊዜ እንደሚቆረጥ ቁጠሩ።

ያቺን ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ አገኘኋት። "አባትሽን አሳመንሽ?" አልኳት። አላሳመነችም። የዘመድ ስልክ ተውሳ ስለ ልጅነታቸው ልትቀርጻቸው ግን ፈቃድ ጠይቃለች።

"ምን አሉሽ ታዲያ?"

"'ቆይ እስቲ፣ ጋቢዬን ላምጣ' አለኝ። ከዛ ደሞ 'እዚያ ጋ ይሻላል፣ ብርሃን አለ' ብሎ ቦታ ቀየረ!"

ካሜራ መያዝ ብቻ አለመሆኑ ለአባቷም ሳይገባቸው አልቀረም።

ቸር ይግጠመን!