ልብ ሲታመም ስኳር ለምን ይንራል?

የገለምሶ ስም ሲነሣ ጫት አብሮ መነሣቱ የተለመደ ነው። ከበርጫ በኋላ ደረቱን አፍኖ የያዘው፣ ላብ ያጠመቀው ሰው «ጨጓራዬ ነው» ወይም «ምርቃናው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይሁን እንጂ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምት ያፈጥናል፤ የደምንም ግፊት ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በየመን 100 ሕሙማንን ከሌሎች 100 ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ታትሞ ጫት መቃምን ከድንገተኛው የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ጋር አያይዞታል።

እንዲህ ያለው በሽተኛ ሐኪም ቤት ደርሶ ጣቱ ተወግቶ ሲመረመር፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኝ ይሆናል። ታዲያ የስኳር በሽተኛ ነው ማለት ነውን? የግድ አይደለም። ልብን የሚመግበው የደም ሥር ሲደፈን ሰውነት በድንጋጤ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫል። እነዚህም ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያዙታል፤ የኢንሱሊንንም ሥራ ያደናቅፋሉ። ነገሩ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። 15 ጥናቶችን ያጠቃለለውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ትንተና፣ የስኳር በሽታ ሳይኖርባቸው ስኳራቸው ከ110 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ በላይ ሆኖ የተገኘ የልብ ሕሙማን በሐኪም ቤት ሳሉ የመሞት ዕድላቸው አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል።

እኛን የፊዚክስ ሰዎችን የሚማርከን መለኪያዋ ናት። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ወረቀቷ ላይ ያለው ኤንዛይም ከስኳሩ ኤሌክትሮኖችን ይነጥቃል፤ መሣሪያዋም የምትቆጥረው ከዚያ የሚፈልቀውን እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ጅረቱን ትለካለች እንጂ ስኳሩ ከየት እንደመጣ አትናገርም።

ስኳሩ የአደጋው ምስክር ብቻ ነውን? ወይስ ተባባሪም ጭምር? በጣልያን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሙከራ የጤነኞችን ስኳር ሆን ብሎ ከፍ ሲያደርግ፣ ብግነትን የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮች በደማቸው ውስጥ ጨምረዋል። ግሉታቲዮን የተባለው የኦክሲዴሽን ተከላካይ ሲሰጥ ግን ጭማሪው ተገትቷል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ስኳሩ ሁለቱንም ነው። የሞተውን የልብ ጡንቻ ለማጽዳት የሚነሣው ብግነት አስፈላጊ ቢሆንም፣ ሲበዛ ጤነኛውንም ክፍል ሊጎዳ ይችላል።

ሕክምናው ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። በስዊድን በ620 ሕሙማን ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ጥናት የኢንሱሊን ሕክምና ሞትን እንደቀነሰ ቢዘግብም፣ በ2005 የወጣው ተከታዩ ይህን አላረጋገጠም። ለሪህ የሚሰጠው ርካሹ ኮልቺሲንም በ2019 ብግነትን በመግታት ተስፋ ሰጥቶ፣ ከ7,000 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት የ2024 ጥናት ጥቅሙ አልታየም።

ለገለምሶው በሽተኛ ቀዳሚው ጉዳይ ሰዓት ሳያባክን ሐኪም ቤት መድረሱና የልቡ የኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) መነሣቱ ነው። የስኳሩ ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል። ኤችቢኤዋንሲ የተባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር መጠን ስለሚያሳይ፣ የቆየውን በሽታ ከዕለቱ ድንጋጤ ለመለየት ይረዳል። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ሕመምተኛው ካገገመ ከሳምንታት በኋላ ቁርስ ሳይበላ ተመልሶ ስኳሩን መለካት ይኖርበታል።