የምሰሶው ስኒ

በኤሌክትሪክ ምሰሶ አናት ላይ ሽቦ ተሸክሞ የሚታየውን ነጭ ወይም ቡናማ ዕቃ ሕዝቡ «ስኒ» ይለዋል። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ እንደ ቡና ስኒ ሁሉ ከፖርሴሊን የሚሠራ ነውና። ተግባሩ ኤሌክትሪክ ከሽቦው ወደ ምሰሶው እንዳያልፍ ማገድ ነው።

እዚህ ላይ፣ «ሸክላ ከሆነ የእንስራው ጭቃ ለምን አይበቃም?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንስራ የሚበስለው በሜዳ እሳት ስለሆነ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይበልጥም። ስለዚህ ገላው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች እንደ ተሞላ ይቀራል፤ ውሃው በእነዚህ በኩል እየወዛ ስለሚተን በውስጡ ያለው ይቀዘቅዛል። ለመጠጥ ውሃ መልካም የሆነው ይህ ጠባይ ለምሰሶ ግን አደገኛ ነው፤ ዝናብ የመጠጠ ሸክላ ኤሌክትሪክን ያሳልፋልና።

የስኒው ጥሬ ዕቃ ግማሽ ያህሉ ካኦሊንና ሌላ ሸክላ ሲሆን፣ የቀረው ፌልድስፓርና ኳርትዝ ነው። ሸክላው ቅርጽ ይይዛል፤ ኳርትዙ እንደ አጥንት ይደግፋል፤ ፌልድስፓሩም ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ቀልጦ ቀዳዳዎቹን እንደ መስተዋት ሆኖ ይደፍናቸዋል።

ይሁንና ድብልቁ የተስተካከለ ቢሆንም አሠራሩ ሊያበላሸው ይችላል። ጭቃው ሲቦካ አየር ከቀረበት ክፍተት ይፈጠራል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ማቀዝቀዙ ነው፤ ኳርትዝ 573 ዲግሪ ላይ ሲደርስ መጠኑ በድንገት ስለሚቀንስ፣ ምድጃው በችኮላ ከቀዘቀዘ ስኒው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከሚያብረቀርቀው ቅብ ሥር ተሰውሮ ሊቀር ስለሚችል፣ ስኒው ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት በኤሌክትሪክ ይፈተናል።