ባዶ የሚሄድ መቀመጫ፤ በአዳማ መሥመር ስለሚሰናዳ የባቡር ጉብኝት

ስዊዘርላንድ የቆዳ ስፋቷ 41,285 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ፣ የባሕር በር የሌላት፣ ከከርሰ ምድሯም ይህ ነው የሚባል ማዕድን የማይወጣባት ትንሽ አገር ሆና ሳለ፣ ከአራቱ ማዕዘነ ዓለም የሚመጣ እንግዳ በባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ተራራዋንና ሐይቋን እያየ ለማለፍ ሲል ገንዘቡን ወዶ የሚከፍልባት መሆኗ፣ የሀብትን ጥንተ ነገር ለሚመረምር ሰው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ተራራና ሐይቅስ በቸርነተ እግዚአብሔር በእኛም አገር ሞልቷል፤ ያ እንግዳ ዋጋ የሚከፍልበት ግን ከቤቱ ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ ጓዙን የሚያደርስለት፣ መኝታውን የሚያስይዝለት፣ ምሳውን የሚያዘጋጅለት፣ ከባቡር ሲወርድ ቆሞ የሚቀበለው፣ ይህንንም ሁሉ በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ የሚሸጥለት ሥርዓት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናትተው ይኸው ሥርዓት ከአዳማ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ሐዲዳችን ላይ እንዴት ሊሰናዳ እንደሚችል ነው።

የዚህ ንግድ አባት እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 አምስት መቶ ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በነፍስ ወከፍ በአንድ ሽልንግ በባቡር ወስዶ የመለሰው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1863 የመጀመሪያዎቹን ተጓዦች እየመራ ወደ ስዊዘርላንድ ዘለቀ። ኩክ ሐዲድ አልዘረጋም፤ ጥበቡ የባቡር ኩባንያዎች ባዶ የሚሄደውን መቀመጫቸውን በጅምላና በቅናሽ እንዲሸጡለት አግባብቶ፣ ብቻውን ወደ ባዕድ አገር ለመሄድ ለሚፈራው ሰው መልሶ መሸጥ ነበር። ስዊዞቹም በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1982 መላ አገራቸውን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ሥር አስገብተው፣ ባቡሮች በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሡ፣ በታላላቅ ጣቢያዎች ተቀራርበው ደርሰው መንገደኛ እንዲለዋወጡ፣ ወደ ተራራ መንደር የሚወጣው ቢጫው የፖስታ አውቶቡስም የባቡሩን መድረስ ጠብቆ እንዲነሣ ስላደረጉ፣ ለአስጎብኚው ሥራው ቀለለለት።

የእኛና የስዊዞች የባቡር ታሪክ ከመሠረቱ የተቆራኘ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ የሆነው፣ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በዚያው ዘመን በኢልግ አገር በምሥራቃዊው ተራራማ ክፍል የአልቡላ የባቡር መሥመር እየተገነባ ነበር፤ በሁለቱም መሥመሮች የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የአልቡላው መሥመር ዛሬም በየዕለቱ መንገደኛ ያመላልሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቤርኒና መሥመር ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህም እንግዶች በእርሱ ላይ ለመሳፈር ከሩቅ ይመጣሉ። መሥመሩን ይሠራ የነበረው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የእኛው አሮጌ ሐዲድ ግን፣ ሞጆን፣ ናዝሬትን (የዛሬዋን አዳማ)፣ መተሐራን፣ አዋሽን በጣቢያዎቹ ዙሪያ ከተማ አድርጎ ካቆመ በኋላ፣ በአዳማ በኩል የሚያልፈው ክፍሉ ዝም ብሏል። ይህን ስጽፍ ኀዘን ይሰማኛል፤ ነገር ግን ስላለፈው ከማልቀስ ስላለው መነጋገር ይበጃል።

ያለው አዲሱ መሥመር ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ይህ ሐዲድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። አብዛኛው ወጪ ከቻይና በተገኘ ብድር የተሸፈነ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የብድሩ መክፈያ ዘመን ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደርጓል። መሥመሩ ኑሮውን የሚገፋው በዋናነት በጭነት ነው፤ የመንገደኛው ገቢ አነስተኛ ነው፤ ይህም የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ሆኖም የመንገደኛ ባቡር አንዴ ከተነሣ፣ የኤሌክትሪኩ፣ የሾፌሩና የጥገናው ወጪ መቀመጫው ቢሞላም ባይሞላም ያው ነው። ባዶ መቀመጫ ከመቂ ቲማቲም ይልቅ በፍጥነት የሚበላሽ ሸቀጥ ነው፤ ቲማቲሙ ቢያንስ ሲመሽ በርካሽ ይሸጣል፣ ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ሲነሣ ባዶ የሆነው መቀመጫ ግን ዋጋው በዚያች ደቂቃ ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ በቅናሽም ቢሆን አስቀድሞ 40 መቀመጫ በጅምላ የሚገዛ አስጎብኚ ለባቡሩ ባለቤት ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ብቻ ለሚሄድ ሰው ባቡሩ ከፈጣኑ መንገድ ጋር ሊወዳደር አይችልም፤ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ እምብርት ርቀው ስለተሠሩ፣ ወደ ጣቢያው ለመሄድና ከጣቢያው ለመመለስ የሚጠፋው ሰዓት በሐዲዱ ላይ የተገኘውን ፍጥነት ይበላዋል። አዳማ ላይ ሻንጣ ይዞ የወረደ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ከባጃጅ ጋር መከራከር ነው፤ ይህ ሰው ነገ ለወዳጁ የሚነግረው ስለ ባቡሩ ምቾት ሳይሆን ስለ ባጃጁ ዋጋ ይሆናል። አዳማን የጉዞው መድረሻ አድርጎ ማቀድ ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ከተማዋ መነሻና ማረፊያ ስትሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የአዳማ ሆቴሎች ከስብሰባና ከሥልጠና ጋር ተቆራኝተው የኖሩ በመሆናቸው 40 ሰው በአንድ ምሽት ተቀብሎ ማብላትና ማሳደር ለእነርሱ አዲስ ሥራ አይደለም፤ አዳራሹ፣ ወጥ ቤቱ፣ አስተናጋጁ ተሰናድቶ ይጠብቃል፤ ስብሰባ በሌለበት ሰሞን ባዶ የሚያድረው አልጋም እንደ ባዶው መቀመጫ ያለ ኪሳራ ነው።

እንግዲህ የአራት ቀን ጉዞ እናሰናዳ። በመጀመሪያው ቀን ተጓዡ በባቡር አዳማ ይደርሳል፤ አውቶቡሱ በጣቢያው ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከሰዓት በኋላ በ1946 ዓ.ም. አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ሥራ ያስጀመረውን የወንጂን ስኳር ፋብሪካ አካባቢና የሸንኮራ አገዳውን ማሳ ተመልክቶ፣ ወደ ማታ በሶደሬ ፍልውኃ ታጥቦ ያርፋል። በማግስቱ እንደገና በባቡር ወደ ምሥራቅ ሲወርድ የጉብኝቱ ዋና ክፍል ይጀምራል፦ የወለንጪቲ ሜዳ እየደረቀና እየሞቀ ይሄዳል፤ የፈንታሌ ተራራ ብቅ ይላል፤ ከእግሩ ሥር እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ተዘርግቶ፣ በአጠገቡም ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ የአሮጌውን ሐዲድና የአስፋልቱን መንገድ ያስጨነቀው የበሰቃ ሐይቅ ይታያል፤ ቀጥሎም የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ በዚያ ሁሉ ጥቁረት መካከል ድንገት አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። ከስዊዘርላንድ የመጣ ሰው እንኳ ይህን የመሰለ ነገር በአገሩ አላየም። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፏፏቴውንና ሳላውን ያየ ተጓዥ በሦስተኛው ቀን ድሬዳዋ ገብቶ አሮጌውን የባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ ይጎበኛል፤ ሰፊ ጊዜ ያለውም ሐረርን ይጨምራል። በአራተኛው ቀን ይመለሳል። ባቡር ወደማይደርስባቸው ወደ ባቱ፣ ወደ ላንጋኖና ወደ ሻላ ለሚሄደው ደግሞ ሞጆ የስዊዞቹን የፖስታ አውቶቡስ ሥርዓት ለመሞከር የተመቸች መገናኛ ናት።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከተው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። ለአውቶቡስ፣ ለመሪውና ለአስተባባሪው የሚወጣው ወጪ ሰው ቢበዛም ቢያንስም 60,000 ብር ነው እንበል፤ ለቲኬት፣ ለአልጋና ለምግብ ደግሞ ለአንድ ሰው 6,000 ብር ይውጣ። ተጓዡ 10 ከሆነ የአንዱ ሰው ወጪ 12,000 ብር ይደርሳል፤ 15 ሲሆን 10,000፤ 40 ሲሆን ግን ወደ 7,500 ብር ይወርዳል። አስጎብኚው ዋጋውን 8,500 ብር ቢያደርገው፣ ከእያንዳንዱ ሰው የሚተርፈው 2,500 ብር ያን 60,000 ብር የሚሸፍንለት 24 ሰው ሲመዘገብ ነው፤ ከ25ኛው ሰው ጀምሮ ያለው ትርፉ ነው። በ23ኛው ሰው ላይ የቆመ ጉዞ ኪሳራ ስለሆነ፣ የዚህ ንግድ ነፍሱ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ተጓዡ ከሳምንታት በፊት ከፍሎ ካልተመዘገበ አስጎብኚው አውቶቡስና አልጋ ለመያዝ ድፍረት አያገኝም፤ ባቡሩ በተባለው ቀን እንደሚነሣ ዋስትና ካላገኘ ደግሞ የሰው ገንዘብ ለመቀበል ሕሊናው አይፈቅድለትም።

ይህ ዓይነቱ አሠራር ለሕዝባችን እንግዳ አለመሆኑን ለማወቅ ወደ አብያተ ክርስቲያናት መመልከት ይበቃል። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ቁልቢ፣ በጥቅምትና በመጋቢት 5 ቀን ወደ ዝቋላ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የሚሄደውን ምእመን የሚያደራጁት ማኅበራት፣ ከወራት በፊት መዝገብ ከፍተው፣ ገንዘቡን አስቀድመው ተቀብለው፣ አውቶቡስ ተኮናትረው፣ ማደሪያና መብል አሰናድተው፣ በመንገድ ላይ መዝሙርና ትምህርት እያሰሙ፣ አረጋውያንን ደግፈው ወስደው በሰላም ይመልሳሉ። ቶማስ ኩክ ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሰው ለእነርሱ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚሰጠው ስለሚያምናቸው ነው፤ ይህ እምነት ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ከማናቸውም መዋዕለ ንዋይ የበለጠ ሀብት ስለሆነ፣ የጉዞ ማኅበራቱና ንግዱ ተቀራርበው ቢሠሩ ለሁለቱም ይበጃል። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ለሚከበረው የኢሬቻ በዓል ከሩቅ የሚመጣው ሕዝብም እንዲሁ ተደራጅቶ ለመጓዝ የሚፈልግ ነው።

ሌላው ጉዳይ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። ደመወዙን በብር ለሚያገኝ ሰው የስዊዘርላንድ ሽርሽር ወጪ በእጥፍ ገደማ ሲጨምር፣ በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል እንግዳና ለበዓል ወደ አገሩ ለሚመጣው ወገናችን ደግሞ የእኛው ጉዞ ረክሷል። ይህ ልዩነት የዋጋ ንረት ቀስ በቀስ የሚበላው ስለሆነ ለዘለዓለም አይቆይም። ሐዲዱ የተሠራበት ብድር በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ሆኖ ሳለ የመንገደኛው ቲኬት በአብዛኛው በብር መሸጡን ለሚያስብ ሰው፣ ዶላር ይዞ የሚመጣ ተጓዥ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው።

እንቅፋቶቹ ቀላል አይደሉም። ከብትና ግመል ሐዲዱን ሲያቋርጡ እየተገጩ ባቡር ይዘገያል፣ አርብቶ አደሩም ይጎዳል፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው አስነሥቷል፤ የመንገድ ጸጥታም ተጓዥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር ነው። አስጎብኚ ስለ እነዚህ ጉዳዮች ለተጓዡ አስቀድሞ እውነቱን መንገር፣ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስም በውሉ ላይ ማስፈር አለበት። እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደኝ የጊዜ ሰሌዳው ነው። የመነሻ ሰዓቱ ለስድስት ወር እንኳ ሳይለወጥ በአደባባይ ቢታወጅ፣ የሆቴሉም፣ የአውቶቡሱም፣ የባጃጁም ሥራ በእርሱ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ይህም አዲስ ሐዲድ ወይም አዲስ ብድር የማይጠይቅ፣ በጽሕፈት ቤት ውሳኔ የሚፈጸም ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ የቆላው ሙቀት በሚበርድበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ውስጥ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ ከ40 በማይበልጥ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ። የታኅሣሡን ጉዞ ከቁልቢ በዓል ጋር ለማዋሐድ የሚያስብ አስጎብኚ ከባቡሩ ጋር መቀመጫ ለማስያዝ የሚያደርገውን ድርድር ከጥቅምት ማሳለፍ የለበትም፤ በበዓሉ ሰሞን የድሬዳዋ አልጋ ሁሉ አስቀድሞ ይያዛልና።