ሞለኪዩልን በመረጥነው ቦታ መስበር ይቻላልን?

አንድን ነገር ስናሞቅ ሞለኪዩሎቹ አብዝተው ይነዝራሉ፣ ንዝረቱ ከመጠን ሲያልፍም ትስስራቸው ይበጠሳል ብለን እናስተምራለን። ታዲያ ነቃ ያለ ተማሪ «የሚበጠሰው የትኛው ትስስር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ባብዛኛው «ደካማው» የሚል ነው። ሙቀት አይመርጥም፤ ኃይሉን ለሁሉም ያድላል።

ሌዘር በ1960 እ.ኤ.አ. ሲፈለሰፍ ግን አዲስ ተስፋ ፈነጠቀ። እያንዳንዱ ትስስር የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ አለው፤ የሌዘር ብርሃን ደግሞ ባለ አንድ ድግግሞሽ ነው ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ሁለቱን ብናገጥም የፈለግነውን ትስስር ብቻ አንበጥስምን?

የመጀመሪያው ታላቅ ፈተና የተደረገው በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ጋዝ ነበር። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሚሰጠው 10.6 ማይክሮሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ታሕተ ቀይ ጨረር ከዚህ ጋዝ ንዝረት ጋር ይገጥማል። የአንዱ ፎቶን ኃይል 0.12 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲሆን፣ አንድ ፍሎሪን ለመንቀል ግን 4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ተማሪዎች ያስሉት፤ ሞለኪዩሉ ከ30 በላይ ፎቶኖች መዋጥ አለበት። በእርግጥም ይውጣል! በ1970ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ቭላዲለን ሌቶኾቭና ባልደረቦቹ በዚህ ዘዴ አንዱን የሰልፈር አይሶቶፕ ከሌላው ለይተዋል።

ይህ ግን ሞለኪዩልን መምረጥ እንጂ ትስስርን መምረጥ አይደለም። በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ፣ ዩዋን ሊና ጓደኞቹ የስባሪዎቹን ፍጥነት ሲለኩ፣ ውጤቱ ኃይሉ በመላው ሞለኪዩል ከተሰራጨ በኋላ የሚጠበቀው ዓይነት ሆነ። ኃይሉ በገባበት አይቆይም፤ ከመበጠሱ በፊት በሁሉም ትስስሮች ይዳረሳል። ብዙዎች ተስፋ የቆረጡት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩን ያነቃቃው ትንሽ ሞለኪዩል ነው፤ ይኸውም አንዱ ሃይድሮጂን በዲዩቴሪየም የተተካበት ውሃ። ዲዩቴሪየም እጥፍ ስለሚከብድ ዝግ ብሎ ይነዝራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ትስስሮች በቀላሉ ኃይል አይለዋወጡም። በ1990 እ.ኤ.አ. ግድም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የፍሌሚንግ ክሪም ቡድን በአንድ ሌዘር የኦክስጂንና የሃይድሮጂንን ትስስር ብቻ አብዝቶ አስነዘረ፤ ወዲያው በሌላ ሌዘር፣ በ266 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን፣ ሞለኪዩሉን ሰበረ። ሃይድሮጂኑ ከዲዩቴሪየሙ ቢያንስ 15 ጊዜ በበለጠ ተነቀለ። ሁለተኛው ብርሃን 218.5 ናኖሜትር ሲሆን ግን ምርጫው ጠፋ፤ ሁለቱም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ተበጠሱ። ይህ የሚታለፍ ዝርዝር አይመስለኝም፤ ማስነዘሩ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያልና።

መምህራን ይህንን ያለ ሌዘር ማሳየት ይችላሉ። በሁለት ወንበሮች መካከል ገመድ ወጥሮ እኩል ርዝመት ባላቸው ክሮች ሁለት ጠጠር ማንጠልጠል ነው። አንዱን ብናወዛውዝ ቀስ በቀስ ይቆምና ሌላው መወዛወዝ ይጀምራል። አሁን አንዱን ክር በጣም እናሳጥረው፤ ያወዛወዝነው ጠጠር እንቅስቃሴውን ለራሱ ይዞ ይቀራል።