እጣን፣ ሰንደል፣ ስፕሬይ፦ ለቤታችን ጥሩ ጠረን የትኛውን ከየትኛው እናጣምር?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ቡና ሳፈላ እጣን አጨሳለሁ፣ ሰንደልም እለኩሳለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ስፕሬይ እነፋለሁ። አንድ ላይ መጠቀሙ ጉዳት አለው?»

ባጭሩ ልመልስ፦ መዓዛን ከመዓዛ ማጣመር ይቻላል፤ ጭስን በጭስ ላይ መደረብ ግን አይመከርም። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ካለ ደግሞ ነገሩ ከጠረን አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ለምን? አብረን እንየው።

👉 አፍንጫችን ቶሎ ይለምዳል

አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየን አእምሯችን ያንን ሽታ ችላ ማለት ይጀምራል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የዋለ ሰው «ዛሬ እጣኑ አልሸተተኝም» እያለ ሲጨምር፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ ገና በሩ ላይ ሳል የሚይዘው። ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ደጅ ወጣ ብላችሁ ንጹህ አየር ወስዳችሁ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ ያለው በቂ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

👉 የምንጠቀምባቸው ነገሮች በ3 ይከፈላሉ

1. የሚጨሱ፦ እጣን፣ ከርቤ፣ ሰንደል፣ ወይራ። ነጩ እጣን እንደ መተማና ቋራ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ከሚበቅለው የእጣን ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው፤ የራሳችን ነው፣ ተፈጥሯዊም ነው። ነገር ግን የተፈጥሮ ነገርም ሲነድ ጭስ ነው። ጭስ ውስጥ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንሱ ብናኞች አሉ፤ እነዚህ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዳቸው እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ይህ ቁጥር የሚመለከተው በዋናነት የማብሰያ ጭስን፣ ማለትም የእንጨት፣ የከሰል፣ የኩበትና የላምባ ጭስን ነው። እጣንና ሰንደል ግን በዚያው ላይ የሚጨመሩ መሆናቸውን አትርሱ።

2. የሚረጩ፦ ስፕሬይና ሌሎች የአየር ማደሻዎች። እነዚህ መጥፎውን ሽታ አያጠፉትም፣ ይሸፍኑታል እንጂ። በጣሳ የሚመጡት ብዙዎቹ የሚገፋቸው ጋዝ ቡቴንና ፕሮፔን ነው፤ ማብሰያ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ዓይነት ጋዝ ማለት ነው። ስለዚህ ፍም፣ ሻማ ወይም የበራ ምድጃ ባለበት መንፋት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። «እጣን እያጨስኩ ስፕሬይ ብነፋስ?» ላላችሁኝ መልሴ፦ በፍጹም!

3. የማይጨሱም የማይረጩም፦ ቄጤማ፣ ጠጅ ሳር፣ አሪቲ፣ እንዲሁም በውሃ የሚፈላ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና የብርቱካን ልጣጭ። ለሳንባ የሚቀሉት እነዚህ ናቸው። ቄጤማው ግን እርጥበት ይዞ ከቆየ ይሻግታል፣ ሲደርቅ ደግሞ አቧራ ይሆናል። በማግስቱ ጥረጉት።

👉 ዋናው አደጋ የማይሸተው ነው

ይሄን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ። ደምበጫ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አያባራም፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎችና ሠራተኞች ቡና ከተፈላ በኋላ «ይሙቀን» ብለው ፍሙን እዚያው ይተዉታል፤ ላዩ ላይ እጣን ጣል ያደርጉበትና በርና መስኮቱን ዘግተው ይተኛሉ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ቦታው ስለተያዘበት ኦክስጅን ወደ አንጎልና ወደ ልብ በበቂ ሁኔታ አይደርስም። እንደኛ ባለ ደጋ ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን መጀመሪያውኑ ከቆላው ያነሰ ነው።

እጣኑ እዚህ ላይ ያታልለናል። ፍሙ ጭስ ካቆመ፣ ቤቱም ደስ የሚል መዓዛ ካለው አየሩ ደህና ይመስለናል። እጣን ግን ጋዙን አያጠፋውም፣ እንድንዘናጋ ያደርገናል እንጂ።

ምልክቶቹ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ የጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም ራስን መሳት ናቸው። ብዙ ሰው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ይተኛል። እንዲህ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቤት ውስጥ ከሰል ነበር ወይ? አብረውኝ ያሉትንም አሟቸዋል ወይ? ደጅ ስወጣ ይሻለኛል ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ምች ነው ብላችሁ አትለፉት።

ምን እናድርግ?
– በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ሰዎቹን ወደ ደጅ አውጡ።
– ራሱን የሳተ ነገር ግን የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ይተኛ። ወተትም ሆነ ውሃ አታጠጡት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።
– ሳትዘገዩ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱት።
– ለባለሙያው «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ጣት ላይ የምትደረገዋ የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማትለየው ታማሚው ተመርዞ እያለ ቁጥሩ ጥሩ ሊመስል ይችላል። የእናንተ አንድ ቃል ትልቅ እገዛ ናት።

👉 በረኪናን ከምንም ጋር አትቀላቅሉ

ሽንት ቤቱ ጥሩ እንዲሸት ብላችሁ በረኪናን ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከቀላቀላችሁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ሲሆን ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ሁለቱም ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላሉ። በረኪና ከውሃ ጋር ብቻ!

👉 ታዲያ እንዴት እናጣምር?

1. መጀመሪያ የመጥፎውን ሽታ ምንጭ ፈልጉ። እርጥብ ጫማ ነው? ያደረ ቆሻሻ ነው? የክረምት ሻጋታ ነው? ሻጋታ ላይ መዓዛ መደረብ አስም ላለበት ሰው ድርብ ጉዳት ነው። ግድግዳውን አጽዱ፣ አድርቁ።
2. ፊት ለፊት የሆኑ በርና መስኮት ካሉ ሁለቱንም ከፍታችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል አናፍሱ።
3. ሽታ የሚመጥ ነገር አስቀምጡ። የደረቀ የቡና አተላ ወይም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ሳህን አድርጋችሁ ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ብታኖሩ ይረዳል።
4. መሠረቱን ጭስ የሌለው መዓዛ አድርጉት፦ መሬት ላይ ቄጤማና አሪቲ፣ ምድጃ ላይ ደግሞ ቀረፋና ቅርንፉድ በውሃ። እነዚህን እንደልባችሁ አቀላቅሏቸው።
5. ከሚጨሱት አንዱን ብቻ ምረጡ። እጣን ካለ ሰንደሉ ይቅር። እጣኑም በትንሹ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ቡናው እስኪያልቅ ብቻ ይሁን።
6. ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉት፤ ቡናው ሲያልቅ ፍሙን ከነምድጃው አውጡት። «ጠፍቷል» ብላችሁ አትመኑት፤ አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ያወጣል።
7. ስፕሬይ የግድ ካስፈለገ እሳት በሌለበት፣ አንድ ሁለቴ ብቻ፣ ሰው ሳይገባ በፊት።

👉 ከሁሉም ጭስ መራቅ ያለባቸው

አስም ወይም ሌላ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕሙማን። ጨቅላ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ አራስ ቤት ሲታጠን ደስ እንደሚል አውቃለሁ፤ ግን ልጁ የሚተኛበት ክፍል አይጨስበት። ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደረገውን ናፍታሊንም ልጆች ከረሜላ መስሏቸው እንዳይውጡት ተጠንቀቁ፤ ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ይችላል። ሕፃን ከውጠ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም።

እጣን በተጨሰ ቁጥር የሚያስላችሁ፣ ደረታችሁን የሚያፍናችሁ ወይም ሲር ሲር የሚያሰኛችሁ ከሆነ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ተመርመሩ። አስም በወቅቱ ከታወቀ በመድኃኒት በደንብ ይቆጣጠሩታል።

እጣኑን ተዉ እያልኳችሁ አይደለም። ያለ እጣን ቡና ቡና አይመስልም፣ እኔም እወደዋለሁ። አንዲቷን ሕግ ብቻ ያዙልኝ፦ አንድ ጭስ፣ ክፍት መስኮት፤ ፍም ካለበት ቤት አለመተኛት።

በአንድ ክፍል ቤት ለሚኖር ወዳጃችሁ፣ በተለይ ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ።

ጤና ይስጥልኝ!